የብርቱካኑ ቋቁቻ

እስከ ዛሬ ድረስ ገበያ ወርጄ ብርቱካን ስገዛ፣ እያንዳንዱን ገልብጬ እምብርቱን ሳላይና በአውራ ጣቴ ጫን ሳላደርግ ዘንቢሌ ውስጥ አላስገባም። ሻጮቹ ለምደውኛል። ባለፈው አንዷ ቀበጥ፣ «እማማ፣ ብርቱካን ነው የሚገዙት ወይስ ሙሽራ ነው የሚመርጡት?» ብላ ጓደኞቿን አሳቀችብኝ። እኔም አልተኛሁላትም፤ «ሙሽራውንማ ሳልገለብጥ ገብቼ አይቼዋለሁ፤ ለዚህ ነው ብርቱካኑን የምገለብጠው» አልኳት። አብረን ሳቅን። ቤቴ ስገባ ግን ያንኑ ብርቱካን ሰፌድ ላይ ዘርግቼ እንደገና አየዋለሁ። በማግሥቱም አየዋለሁ። አንድ ለስላሳ ቦታ ከጣቴ ሥር ከመጣ ያ ሁሉ ዘመን ያለፈው ነገር ዛሬ ጠዋት የሆነ ይመስለኛል።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ያን ጊዜ አዳማ ገና ናዝሬት አልተባለችም፤ ባቡር ጣቢያውን ከበው የተሠሩ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች ነበሩ፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ። የእኛ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ አዋሽ ዳር ነበር። አባቴ ሐዲዱ ሲዘረጋ የቀን ሥራ ሲሠራ ከአንድ ፈረንጅ የብርቱካን ችግኝ አግኝቶ እዚያ ተከለ። መሬቱ የእሱ አልነበረም። ባለርስቱ አዲስ አበባ የሚኖሩ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ አባቴ ጭሰኛቸው ነው።

በዚያ ዓመት እኒህ ሰው ልጃቸውን ከፋሲካ በኋላ ሊድሩ ቀን ቆረጡ። አባቴ ማንም ሳይጠይቀው፣ «የሰርጉ ብርቱካን ከእኔ ነው» ብሎ አፉን ከፈተ። የእኛ ብርቱካን የሚደርሰው ደግሞ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነው። ዛፉ ላይ እንዳንተወው ጦጣው አለ፣ ዝንጀሮው አለ፣ የቆላው ሙቀት አለ። ስለዚህ ለቅመን፣ የአዋሽን ገደል ቆፍረን በሠራነው ቀዝቃዛ ጎጆ ውስጥ ቆጥ በቆጥ አድርገን፣ የጤፍ ጭድ አንጥፈን ደረደርነው። ጾሙን በሙሉ ሳይበላሽ መቆየት ነበረበት።

የጎጆው ጠባቂ እኔ ነበርኩ። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ቢሆን ነው፤ ከባሌ ቤት ከተመለስኩ አራት ወር አልሞላኝም። የተመለስኩት ግራ ጆሮዬ አብጦ ነው። አባቴ አየኝና በሬውን ሊያጠጣ ወረደ። ባሌ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ አባቴ እሺም እምቢም አላላቸውም፣ «ፋሲካ ይለፍ» ብሎ ሰደዳቸው። ለእኔ ደግሞ የጎጆውን ደጅ እያሳየ፣ «እስቲ ይህን ያዢና ለአንድ ነገር የምትረቢ መሆንሽን አሳዪኝ» አለኝ። ስለዚህ እያንዳንዷ ብርቱካን ለእኔ ብርቱካን ብቻ አልነበረችም። ጎጆው ውስጥ ያለው ከተበላሸ ወዴት እንደምመለስ አውቀው ነበር።

ያን ሰሞን የምታጽናናኝ የእንጀራ እናቴ ነበረች። ከአዋሽ ማዶ፣ ከአርሲ ወገን የመጣች ኦሮሞ ናት፤ ከእኔ በሰባት ዓመት ብትበልጥ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ አገባት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አልወለደችም። እትዬ እላት ነበር። ጆሮዬ አብጦ የመጣሁ ዕለት ውኃ አሙቃ፣ ጨው ጨምራ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀና በይ» እያለች ያጠበችኝ እሷ ናት። ማን መታሽ አላለችኝም፣ ለምን መታሽ አላለችኝም። ብዙ የምትናገር ሴት አልነበረችም።

በጾሙ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ታችኛው ቆጥ ላይ አንዷን ብርቱካን ሳነሳ አውራ ጣቴ ሰመጠ። ውኃ ያዘለች ክብ ለስላሳ ቦታ ነበረች። በማግሥቱ ቦታዋ ላይ ነጭ ነገር ወጣ፤ በሦስተኛው ቀን ነጩ መሐሉ አረንጓዴ ሆነ፣ ስነካው እንደ ዱቄት ቦነነ። እሷን አውጥቼ አዋሽ ውስጥ ወረወርኳት። ሌሎች አራት አገኘሁ። ከዚያ ሰባት።

እዚህ ላይ አእምሮዬ የሠራውን ሥራ ልናገር። አረንጓዴና ነጭ ሆኖ፣ ክብ ክብ እየሠራ፣ ከቆዳ ወደ ቆዳ የሚጋባ ነገር ምንድን ነው? ቋቁቻ ነው አልኩ። ብርቱካኑን ቋቁቻ ይዞታል! የቋቁቻ መድኃኒት ደግሞ ማንም ሕፃን ያውቀዋል፤ ሎሚ ነው። ጭርት ሲወጣብን በሎሚ ታሽተን ነው ያደግነው። ፎረፎር በሎሚ ይታጠባል፣ ሥጋ በሎሚ ይለቀለቃል፣ ጉሮሮ የታመመ ሎሚ ይመጥጣል። ኮምጣጣ ነገር ብልሽትን ይገድላል ሲባል ሰምቶ ያላደገ እኛ አገር የለም። ሎሚው ራሱ ጓዳ ውስጥ በቅርጫት ተቀምጦ አረንጓዴ ሻጋታ ሲያወጣ ስንት ጊዜ አይቼ ጥያለሁ፤ ያንን ግን አላስታወስኩም። የፈራ ሰው የሚያስታውሰው የሚፈልገውን ብቻ ነው።

ለማንም አልነገርኩም። ለአባቴ ብነግረው «ያልኩት አልቀረም፣ አትረባም» ይላል ብዬ ፈራሁ። ከጎረቤት ማሳ ሎሚ ለቅሜ፣ ጎጆውን ከውስጥ ዘግቼ፣ ብርቱካኑን አንድ በአንድ በጨርቅ እያሸሁ በሎሚ ቀባሁት። የታመመውን ብቻ አይደለም፤ ጤነኛውንም አስቀድሜ ልከላከልለት ብዬ አጥብቄ አሸሁት። አራት ቀን ፈጀብኝ። የጣቶቼ ቆዳ ተሰነጣጠቀ፣ የሎሚው ውኃ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ዓይኔ እንባ ያዝል ነበር። ግን ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ነገር እየሠራሁ ነው ብዬ ሌሊት እተኛ ጀመር።

ደስታዬ ሳምንት አልዘለቀም። አንድ ጠዋት ደጁን ስከፍት ሽታው ቀድሞ ወጣ፤ የሻገተ ቤት ሽታ ነው፣ ጣፈጥ ያለ ነገር አለበት። መካከለኛው ቆጥ ግማሹ አረንጓዴ ነበር። አንዱን ሳነሳ ብናኙ እንደ ጭስ ተነስቶ ባልታመሙት ላይ ተነሰነሰ። ያልታመሙትንም ሳያቸው በጨርቁ የተፋተጉበት ቦታ ሁሉ ለስልሷል። ቁጭ አልኩ። እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ አባቴ ከኋላዬ መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ።

አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ዙሪያውን አይቶ፣ «ማን ገባ እዚህ?» አለ።

ይህን ጥያቄ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አባቴ ጎጆውን እንደ አውድማ ነበር የሚያየው። እህል በሚወቃበት አውድማ ላይ የወር አበባዋ የመጣባት ሴት አትረግጥም፤ በረከቱ ይሸሻል ይባላል። ለብርቱካኑም ያንኑ ሕግ አወጣ። እኔ በነዚያ ቀኖች ደጅ ቆሜ በእንጨት እያገላበጥኩ ነበር የማየው።

«ከእኔ በቀር ማንም» ልል አፌን ስከፍት የእንጀራ እናቴ ከማድቤቱ መጥታ ነበርና ቀደመችኝ። «እኔ ገብቻለሁ» አለች። «ባለፈው ሳምንት ንፋሱ ደጁን ከፍቶት ጦጣ ገባ። ማንም አልነበረም። ሮጬ ገብቼ አባረርኩት።»

ማንም ያልነበረው እኔ ስላልነበርኩ ነው። እኔ ሎሚ ለቀማ ሄጄ ነበር።

አባቴ፣ «በምን ቀን ነው የገባሽው?» አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ ሁለታችንም ገባን። ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። መልሱ ይኸው ነበር።

አሁን ተናገሪ አልኩ በልቤ። ሎሚውን የቀባሁት እኔ ነኝ በይ። የታየኝ የባሌ ሽማግሌዎች ዱላቸውን ይዘው በአቧራው መንገድ ሲመጡ ነው። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ከነገ ወዲያ አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ እንደሚባለው፣ አንድ ቀን ዝም ያለ ሰው ሁለተኛውን ቀን ዝም ለማለት ምክንያት አያጣም።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል፤ ባለርስቱን ስለፈራ እሷን ያዘ። በሦስተኛው ቀን እንዲህ ብሎ ፈረደ፦ «ወገኖችሽ ዘንድ ሂጂ። ብርቱካኑ እስኪወጣ እዚያ ቆዪ። አንቺ ሄደሽም መሻገቱ ካላቆመ፣ ምክንያቱ አንቺ አይደለሽም፤ መጥቼ አመጣሻለሁ። ካቆመ ግን ነገሩ ታወቀ ማለት ነው፤ እዚያው ትቀሪያለሽ።»

እሷ አልተከራከረችም። ልብሷን በአንድ ነጠላ ቋጠረች። ልትሄድ ስትል ወደ እኔ መጥታ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ እጄ ላይ አኖረች። «እጅሽ ተሰነጣጥቋል» አለች። ጾም ነው ብዬ ሳመነታ፣ «አትበዪው፣ ቀቢው» አለችኝ። ከዚያ ወደ አዋሽ መሻገሪያ ወረደች። ዞራ አላየችም።

ያ ፍርድ ምን ዓይነት ወጥመድ እንደነበር ያወቅሁት በማግሥቱ ጎጆው ውስጥ ብቻዬን ስቆም ነው። ብርቱካኑ ከበሰበሰ እትዬ ትመለሳለች፤ የአባቴ ቃል ይታጠፋል፣ ምናልባት አትክልቱም ከእጁ ይወጣል። ብርቱካኑ ከዳነ አባቴ ይከበራል፤ እሷ ግን በዚያው ትቀራለች። አንዴ ይበስብስ እላለሁ፣ አንዴ አይበስብስ እላለሁ። በጠዋት ስገባ አዲስ የሻገተ ሳገኝ ደንግጬ ደስ ይለኛል፣ ደስ ስላለኝም እንደገና እደነግጣለሁ። እህል አልወርድ አለኝ። አባቴ ጾሙን አጥብቃ ይዛለች ብሎ ያመሰግነኝ ነበር።

ወደ ሶደሬ የሄድኩት ለእጄ ብዬ ነው። ቅቤው ቢያለሰልሰውም ቁስሉ አልደረቀም፤ ፍል ውኃው ደግሞ ለቆዳ በሽታ ሁሉ መድኃኒት ነው ይባላል። አገሬው ከሩቅ እየመጣ ይነከርበታል፣ ከብቱንም ቆዳው ሲታመም ያወርደዋል። ከግራሮቹ ሥር ሴቶች ለብቻቸው የሚታጠቡበት ቦታ ነበር። ውኃው ሞቅ ያለ ነው፣ ሲዳስሱት እንደ አመድ ውኃ ያዳልጣል። ጸጉሬን ልታጠብበት ይዤ የመጣሁትን ሎሚ ቅል ውስጥ በቀዳሁት ውኃ ላይ ስጨምቀው ቱፍ ቱፍ አለ፤ አረፋ አወጣ። አጠገቤ የነበረች ወፍራም ሴትዮ ሳቀችብኝ። «ሎሚ እዚህ ምን ያደርግልሻል? ይኼ ውኃና ሎሚ ጠበኞች ናቸው፤ አንዱ ባለበት ሌላው አይሠራም።»

ቅሉን እንደያዝኩ ቀረሁ። ብርቱካኔን ያቃጠለው ሎሚ ከሆነ፣ የሎሚ ጠላት ምን ያደርግለት ይሆን? ሌላው ሐሳቤ ደግሞ የድሮው ሞኝነቴ ነው፤ ቋቁቻ በሎሚ እምቢ ሲል ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ ፍል ውኃ ነዋ! በሞኝነቴ አበላሸሁት፣ በዚያው ሞኝነቴ ደግሞ ላድነው ተነሳሁ።

በማግሥቱ በሁለት አህያ ብርቱካን ጭኜ መጣሁ። ሴቶቹ ሳቅ ሊገድላቸው ደረሰ። «እህቴ፣ ምን ሆኖ ነው?» ትለኛለች አንዷ። «ቋቁቻ ይዞት ነው» እላለሁ። «ታዲያ ስንት ቀን ታዞለት?» ትለኛለች ሌላዋ። እኔ አልሳቅሁም፤ ቅርጫቱን ሙቁ ውኃ ውስጥ እየነከርኩ፣ ትንሽ አቆይቼ እያወጣሁ፣ ግራሩ ሥር ሳር ላይ አደርቅ ነበር። አምስት ቀን ተመላለስኩ። አባቴ አየና፣ «ጸበል መሆኑ ነው? ደግ ነው፣ ርኩሰቱ ይታጠብለት» አለ። የጎጆውንም ጭድ አውጥቼ አቃጠልኩ፣ ቆጡን በአመድ ውኃ አጠብኩ፣ አዲስ ጭድ አነጠፍኩ።

ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ የእርሻ ባለሙያ ይህን ስነግረው በጥሞና ሰማኝ። ያ አረንጓዴ ሻጋታ ኮምጣጣ ይወዳል አለኝ፤ የሚወደውን ካላገኘ ራሱ ያዘጋጃል፣ ወደ ፍሬው በገባ ቁጥር እያኮመጠጠው ነው የሚሄደው። እኔ ልጣጩን በጨርቅ ፍቄ በር ከፈትኩለት፣ ሎሚ ቀብቼ ማዕዱን አቀረብኩለት። የሶደሬው ውኃ ደግሞ በሙቀቱም፣ ባለበት የሶዳ ዓይነት ነገርም ያደክመዋል። ሻጋታ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ሎሚ የሚጠላም አለ አለኝ። አዳመጥኩት። ያኔ ግን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከታጠበ በኋላ ጎጆው ዝም አለ። በአንድ ሳምንት ሁለት ብርቱካን ብቻ ጣልኩ። በሚቀጥለው አንድም።

አባቴ በየጠዋቱ ገብቶ ያሸት ነበር። የሆሳዕና ሰሞን ፊቱ በራ። «አየሽ?» አለኝ። «ነገሩ ታወቀ። ከእሷ ጋር ወጣ።»

ጎጆውን ተደግፌ ቆምኩ። ይህንን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አስቀድሜ በሎሚዬ ከሰስኳት፣ ቀጥሎ በውኃዬ ፈረድኩባት።

ፋሲካ ዋለ፤ ሥጋው አልጣፈጠኝም። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት አባቴ ብርቱካኑን ወደ ባቡር ጣቢያ ሊወስድ አህዮቹን ማለዳ ጫነ። ከሰርጉ ሲመለስ አዋሽ ማዶ ተሻግሮ ለወገኖቿ ቁርጡን ሊነግር ወስኗል። እኔ ገመድ እያቀበልኩት ነበር። የመጨረሻውን ጭነት ያጠብቅ ጀመር። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም።

«አባባ» አልኩት፣ «ያበሰበሰችው እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

ገመዱን ሳይለቅ አየኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ቋቁቻውን፣ ሎሚውን፣ ጨርቁን፣ አራቱን ቀን። የእጄን ጠባሳ አሳየሁት። ስጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

«ልትሸፍኛት ነው» አለ። «ሎሚ አበሰበሰ ሲባል ማን ሰምቶ ያውቃል? ሎሚ መድኃኒት ነው።»

የጠበቅሁት ቁጣውን ነበር፤ አለማመኑ አልታሰበኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በስንት ጭንቅ ያወጣሁትን እውነት የሚሰማልኝ ጠፋ። ያን ጊዜ ቁጣዬ መጣልኝ። «እንግዲያው ይመኑ አልልዎትም፣ ይዩት» አልኩ። ከጭነቱ የተረፈውን ብርቱካን አምጥቼ ፊቱ ዘረገፍኩ። «ራስዎ ይምረጡ። ሃያ ደህና ደህናውን።» መረጠ። አሥሩን እዚያው ፊት ለፊቱ በጨርቅ እያሸሁ በሎሚ ቀባሁ፤ አሥሩን እንዳለ ተውኩት። በሁለት ቅርጫት አድርጌ ጎጆው ውስጥ አስቀመጥኩ። ደጁን እሱ ራሱ በጠፍር አሰረው፣ ቋጠሮውንም የራሱን ቋጠሮ ቋጠረ። «ማንም ሴት እንዳትገባ» አለ።

«ማንም አይገባም። እሷም እዚህ የለችም» አልኩት።

ያን ጊዜ ብቻ ትንሽ አሰብ አደረገ። አህዮቹን ነድቶ ሄደ።

የቆየው አሥር ቀን ነው። በሕይወቴ እንደዚያ አሥር ቀን የረዘመብኝ የለም። ጾሙን ሙሉ ሻጋታ አይምጣ ብዬ የጸለይኩ ሴትዮ አሁን ሻጋታ እንዲመጣ ለእመቤታችን ጧፍ ተሳልኩ። ደጁ ሥር እየሄድኩ በስንጥቁ አሸታለሁ፤ የሸተተኝ ይመስለኛል፣ ደግሞ ጭድ ነው እላለሁ። ሁለቱም ቅርጫት ደህና ቢሆንስ? ሁለቱም ቢበሰብስስ? ጎጆው በአመድ ውኃ ታጥቧል፤ የታጠበ ጎጆ ውስጥ ሻጋታው ከወዴት ይመጣል? በገዛ እጄ አጽድቼው አሁን በንጽህናዬ ተጨነቅሁ።

አባቴ የተመለሰው በአሥራ አንደኛው ቀን ከቀትር በኋላ ነው። ብርቱካኑ በሰርጉ ላይ እንዴት እንደተወደደ ሊነግረኝ ጀመረና ፊቴን ሲያይ አቆመ። አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ወደ ጎጆው ወረደ። ቋጠሮውን መረመረ፤ የራሱ ነው። ፈታው።

ሽታው ነገረኝ። አንደኛው ቅርጫት አረንጓዴ ነበር፤ ሦስቱ ብቻ ነው ቀለማቸው የሚታየው። ሌላኛው ቅርጫት ውስጥ አንዲት ለስልሳለች፣ ዘጠኙ ደህና ናቸው። አባቴ ከሎሚው ቅርጫት አንዱን አነሳ፤ ብናኙ በጢሙ ላይ ተነሳ። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። ደጁ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ቆሜ ነበር፣ የሚመጣብኝን እየጠበቅሁ።

«በነገታው ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«ወደዚያ ቤት ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ» አልኩት።

ይህን ሲሰማ ዓይኑን ከእኔ አነሳ። ተነስቶ ያለንን አንድ በቅሎ ጫነ፣ ሳይበላ ሳይጠጣ ወደ አዋሽ መሻገሪያ ወረደ። ለባሌ ሽማግሌዎች ከዚያ በኋላ «የለም» ማለቱን የሰማሁት ከሰው ነው።

በሦስተኛው ቀን መጡ። እሷ በበቅሎው ላይ፣ እሱ በእግሩ። ለአባቴ ዕድሜ ያ ቀላል ነገር አልነበረም። ከበቅሎ ወርዳ ቋጠሮዋን አኖረችና ወደ እኔ መጣች። ልስማት ስል እጄን ያዘችኝ፤ መዳፌን ገለበጠች፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አየች።

«ዳነልሽ» አለች። «ቅቤውን ቀባሽው?»

«ቀባሁት። እትዬ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ ሎሚውን ...»

«አውቃለሁ።»

«አባባ ነገሩዎት?»

«አባትሽ ምን ይነግረኛል?» አለች። «እጅሽ ለሳምንት ሎሚ ሎሚ ይሸት ነበር። ጓዳ ውስጥ አንድ ሎሚ አልነበረም። ቅቤውን ለምን የሰጠሁሽ መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አልኳት። «ለምን እርስዎ ሄዱ?»

እጄን ሳትለቅ፣ ግራ ጆሮዬን በሌላ እጇ ዳሰሰችው። «እኔን የሚመልሰኝ እናቴ ዘንድ ነው» አለች። «አንቺን የሚመልስሽ ማን ዘንድ ነበር?»

ከዚያ ቋጠሮዋን አንስታ ወደ ቤት ገባች፤ እኔም በቅሎውን ላጠጣ ወረድኩ።